ነዳጅ ቆጣቢ የተባሉ መሣሪያዎች እና የሐይቅ–ደሴ መንገድ

(በሐይቅ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአሽከርካሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሳችን መኪና ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ እየተገጠሙ «ነዳጅ ይቆጥባሉ» የሚባሉ መሣሪያዎች ናቸው። በነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት አለ፤ በአየር መሳቢያው ውስጥ የሚገባ ክንፍ ያለው ቀለበት አለ፤ ከመሪው በታች ካለው የምርመራ መሰኪያ ላይ የሚሰካ ባለ መብራት ሣጥን አለ፤ ውኃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ጋዙን ወደ ሞተር የሚልክ ማሰሮም አለ። ሁለት ጥያቄዎችን አነሣለሁ። አንደኛው፣ እነዚህ ነገሮች የተባለውን ያደርጋሉ ወይ? ሁለተኛው፣ ማድረግ አለማድረጋቸውን በምን እናውቃለን? ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ የአገራችን ታሪክ ይመሰክራል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ ነበር፤ ያ አድማ ከአብዮቱ መባቻ ክስተቶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። በእኛም ዘመን፣ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ በየደረጃው ሲነሣ፣ በአዲስ አበባ 48 ብር ገደማ የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ101 ብር በላይ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ በመንገዳችን ላይ ያሉት መኪኖች ለረጅም ጊዜ አብረውን ይኖራሉ፤ ያረጃሉ፤ ያረጀ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ይበላል። ቆጣቢ መሣሪያ የሚሸጥ ሰው ገበያ የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ገዢው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ የቀን ገቢው በማደያ ስለሚያልቅበት ነው።

አንድ ሊትር ነዳጅ የት ይሄዳል?

ስሌቱን ለማቅለል የአንድ ሊትር ቤንዚንን ዋጋ 100 ብር እንበል። በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 32 ሜጋ ጁል ያህል ጉልበት አለ። ሞተሩ ይህን ካቃጠለ በኋላ ከ100 ብሩ 30 ብር ያህሉን ብቻ ወደ ጎማ በሚሄድ ሥራ ይለውጠዋል። የቀረው በሙቀት መልክ ከፊሉ በራዲያተር፣ ከፊሉ በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ጥቂቱም በፍትጊያ ይጠፋል። ናፍጣ ሞተር ከዚህ ትንሽ ይሻላል።

አሁን የሻጮቹን ቃል እናስታውስ። አብዛኞቹ «ነዳጁ በሚገባ ስለማይቃጠል ነው የሚባክነው፤ መሣሪያችን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ያደርጋል» ይላሉ። ታዲያ ሳይቃጠል የሚወጣው ምን ያህል ነው? ጤናማ በሆነ ሞተር ውስጥ ከመቶው ከአንድ እስከ ሦስት እጅ ብቻ ነው። ይኸውም ከ100 ብሩ ሁለት ብር ገደማ ማለት ነው። ማቃጠልን ፍጹም የሚያደርግ መሣሪያ ቢገኝ እንኳ ሊያተርፍልን የሚችለው ሁለት ብር ነው። ሁለት ብር ካለበት ኪስ ሠላሳ ብር ማውጣት አይቻልም። ትልቁ ኪሳራ ያለው በሙቀቱ ላይ ነው፤ ሙቀቱን ደግሞ በቱቦ ላይ የታሰረ ማግኔት አይነካውም።

መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ

ማግኔቱን እንመልከት። ነዳጅ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራ ነው። ማግኔት ብረትን እንደሚስብ ሞለኪውሎቹን አይስባቸውም፤ መስኩ በላያቸው ላይ ያለው ተጽዕኖ እጅግ ደካማ ነው፤ ቱቦውን አልፈው ሲሄዱም የሚቀርባቸው ለውጥ የለም። «የተጣበቁ ሞለኪውሎችን ይበትናል» የሚለው አባባልም ትርጉም የለውም፤ ነዳጁ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ሲተን እያንዳንዱ ሞለኪውል ራሱን ችሎ ይለያያል።

ቀለበቱ «አየሩን ያሽከረክራል» ይባላል። አየር መሽከርከሩ ለማቃጠል የሚጠቅም መሆኑ እውነት ነው፤ የሞተር ሠሪዎች ግን ይህን ከዘመናት በፊት አውቀው የሲሊንደሩን አየር መግቢያ ለዚሁ ቀርጸውታል። በመተንፈሻው መንገድ ላይ ተጨማሪ ክንፍ ማቆም ትርፉ መንገዱን ማጥበብ ነው። ደሴ ላይ፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየር ያጠረውን ሞተር አፍንጫውን መያዝ መፍትሔ አይሆንም።

በምርመራ መሰኪያ ላይ የሚሰካው ሣጥን «የአነዳድዎን ጠባይ አጥንቶ ሞተሩን ያስተካክላል» ይላል። እንዲህ ያሉትን ሣጥኖች ፈትተው የመረመሩ ባለሙያዎች ውስጣቸው ያገኙት መብራት የሚያበሩና የሚያጠፉ ክፍሎችን ነው፤ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር መልእክት የሚለዋወጡት እግሮች ከምንም ጋር ሳይገናኙ የቀሩባቸውም አሉ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱ ለገዢው ሥራ የተሠራ ያስመስለዋል።

የውኃው ማሰሮ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በየዓመቱ ይህን ለመመረቂያ ሥራው የሚመርጥ ተማሪ አይጠፋም፤ የመገናኛ ብዙኃንም «በውኃ የሚሄድ መኪና» ሲባል ይማረካሉ። ቁጥሩን አብረን እንሥራ። ማሰሮው ከመኪናው በ12 ቮልት 20 አምፔር ቢወስድ 240 ዋት ይሆናል። ስድስት ሕዋሳት በተርታ ያሉት ጥሩ ማሰሮ በዚህ ጉልበት በሰዓት 50 ሊትር ያህል ሃይድሮጅን ያወጣል። በዚያ ጋዝ ውስጥ ያለው ጉልበት 150 ዋት ያህል ነው። ሞተሩ ሲያቃጥለው ከሲሶ በታች የሆነውን ብቻ ስለሚጠቀምበት 45 ዋት እናገኛለን። ግን 240 ዋቱ ከየት መጣ? ከዲናሞው ነው፤ ዲናሞው ደግሞ የሚዞረው በሞተሩ ነው፤ እርሱም ብክነት ስላለበት ከሞተሩ 400 ዋት ያህል ይወስዳል። እንግዲህ 400 ከፍለን 45 ተቀበልን። ይህን ንግድ የትኛውም የሐይቅ ነጋዴ አይቀበለውም።

ጋዙ ራሱ ምን ያህል ነው? ዳገት ላይ በሰዓት ስድስት ሊትር ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር ከቤንዚኑ የሚያገኘው ጉልበት ከማሰሮው ጋዝ 350 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በሌላ በኩል፣ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ድብልቅ በትንሽ ብልጭታ የሚፈነዳ ነገር ነው፤ በማሰሮው ውስጥ ያለው ፈሳሽም ዐይንና ቆዳ የሚያቃጥል ነው። ይህን ከሞተር አጠገብ አስሮ ሕዝብ መጫን ከኪሳራም ያለፈ ነገር ነው።

በውጭ አገርም ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ገምግሟል። ጥቂቶቹ መጠነኛ ጥቅም አሳይተዋል፤ ለምሳሌ መኪናው ጉልበት በሚፈልግበት ጊዜ የአየር ማቀዝቀዣውን የሚያጠፉት። የቀሩት ግን ለውጥ አላመጡም፤ የጭሱን ብክለት የጨመሩም ነበሩ። በኦሃዮ ግዛት መኪናዬ በውኃ ይሄዳል ብሎ ገንዘብ የሰበሰበው ስታንሊ ሜየር በ1996 እ.ኤ.አ. ባለገንዘቦች ከሰውት ፍርድ ቤቱ ድርጊቱን ግልጽ ማጭበርበር ብሎ ገንዘቡን እንዲመልስ ፈርዶበታል።

«እኔ ግን በዐይኔ አይቻለሁ» ለሚለው

እስካሁን የተናገርሁት ከቲዎሪ ነው። አሽከርካሪው ግን «ገጥሜው ለውጥ አይቻለሁ» ይላል። ይህ ሰው ሐሰተኛ ነው ማለት አይገባም። ያየውን በእርግጥ አይቷል፤ የምንጠይቀው ያየው ነገር ከምን መጣ የሚለውን ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት መንገዳችን ነው። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ሐይቅ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው ከጫነ ሦስት ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ከሐይቅ ወደ ደሴ ሲወጣ ክብደቱን 500 ሜትር ወደ ላይ መሸከም አለበት። ይህ ብቻ 14.7 ሜጋ ጁል ይጠይቃል። ከአንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋ ጁል ውስጥ ሲሶ የማይሞላው ወደ ሥራ ስለሚለወጥ፣ ዳገቱ ለብቻው አንድ ሊትር ከሦስተኛ በላይ ይበላል። በሜዳ ላይ ያንኑ 30 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሊትር ያህል የሚበቃው መኪና በመውጫው ከአራት ሊትር በላይ ይወስዳል፤ በመውረጃው ግን ከሁለት ሊትር ባነሰ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ደሴ ላይ መሣሪያ ገጥሞ ወደ ሐይቅ እየወረደ የሞከረ ሰው እጅግ የሚያስደስት ውጤት ያያል። የቆጠበለት የወሎ ተራራ ነው፤ የተመሰገነው ግን ማግኔቱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እግር ነው። መሣሪያ የገጠመ ሰው ለተወሰኑ ቀናት ነዳጁን ይከታተላል፤ ሳያውቀው ረጋ ብሎ ይነዳል፤ ማርሹን በጊዜው ይለውጣል። ይህ ጠባይ ብቻውን አሥር በመቶ ሊያመጣ ይችላል። ሦስተኛው፣ መካኒኩ መሣሪያውን ሲገጥም ፊልትሮውን ያራግፋል፣ ካንዴላውን ያጸዳል፣ ጎማውን ይነፋል። መኪናው በእርግጥ ተሻሽሏል፤ ያሻሻለው ግን የመካኒኩ እጅ ነው። አራተኛው፣ በማደያ «ሙላ» ሲባል ታንኩ በአንድ ቀን ከሌላው ቀን በሊትር በሁለት ሊትር ሊለያይ ይችላል፤ በ20 ሊትር ላይ ይህ እስከ አሥር በመቶ ስሕተት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ለመካኒኮች ልንገራችሁ። ባለ ካርቡሬተር የሆኑ አሮጌ መኪኖች በዚህ አካባቢ ከተገጠሙ መሣሪያዎች እውነተኛ ጥቅም ያገኙበት አጋጣሚ ሊኖር ይችላል። ካርቡሬተሩ ለቆላ ወይም ለባሕር ጠረፍ ተመጥኖ ከመጣ፣ ደሴ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ ከአሥር በመቶ በላይ ቤንዚን ይበዛበታል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ተጨማሪ አየር የሚያስገባ ማናቸውም ቀዳዳ ፍጆታውን ይቀንሰዋል። መድኃኒቱ ግን የቤንዚን መመጠኛውን ለከፍታው በሚስማማ መለወጥ ነው፤ ጎበዝ መካኒክ በትንሽ ወጪ ይሠራዋል። ኮምፒውተር ያለው መኪና ደግሞ ይህን በራሱ ስለሚያስተካክል ከቀዳዳው የሚያተርፈው የለም።

ስለ ቃላት

ከዚህ ወደ ሰሜን ስንሄድ ውጫሌን እናገኛለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያው በአምባሰል ምድር፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚል ፈቃድ ሲሆን በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። የአንዲት ግሥ ልዩነት አድዋን አስከተለ። የአምባሰል ልጆች እንግዲህ ቃልን መመርመር ከአያቶቻቸው የወረሱት ነው። በመሣሪያው ካርቶን ላይ «እስከ 30 በመቶ ይቆጥባል» ሲል «እስከ» የምትለዋን ቃል አስተውሏት። ዜሮም እስከ 30 ውስጥ ነው። ሻጩ በቃሉ ስለ ሠላሳ ይናገራል፤ ጽሑፉ ግን ስለ ምንም ነገር አልተዋዋለም። አሳሳች ማስታወቂያን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ከልክሏል፤ ነገር ግን አቤት የሚል ሰው ማስረጃ ያስፈልገዋል። ማስረጃውን ማን ያዘጋጅለታል?

የዩኒቨርሲቲው ድርሻ

መልሱ እኛ ነን። ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጥ። የፈጠራ ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቅ፣ ወጣትን ማበረታታት መልካም ነው በሚል ስሜት ሳይለኩ መፈረም ልማድ እንዳይሆን እፈራለሁ። በማኅተም የወጣ ወረቀት በማግስቱ የሽያጭ ማስታወቂያ ይሆናል። ገዢው የሚያምነው ሻጩን አይደለም፤ ማኅተሙን ነው። ስለዚህ ፊርማው ከፈተና በኋላ ይሁን።

ፈተናውም ውድ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። አንድ መኪና፣ አንድ ሹፌር፣ በአሸዋ ጆንያ የተመጠነ እኩል ጭነት፣ እኩል የተነፋ ጎማ ይኑር። መንገዱ ሐይቅ–ደሴ–ሐይቅ ይሁን፤ ደርሶ መልስ ከሆነ ዳገትና ቁልቁለቱ ይካካሳሉ። ነዳጁ ከታንኩ ሳይሆን ለብቻው ከተዘጋጀ ጀሪካን ይምጣ፤ ከጉዞ በፊትና በኋላ በሚዛን ይመዘን። መሣሪያው በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ ይሁን፤ በየትኛው ጉዞ ተገጥሞ በየትኛው ወልቆ እንደሚሄድ ሳንቲም ተጥሎ ይወሰን፤ ሹፌሩ አይወቅ። አራት ደርሶ መልስ ከመሣሪያው ጋር፣ አራት ያለ መሣሪያው ይደረግ። በጠቅላላው 480 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወጪውም ወደ 48 ሊትር ነዳጅ ነው።

ይህ ፈተና የሁለት በመቶ ልዩነትን ማሳየት አይችልም። እያንዳንዱ ጉዞ አምስት በመቶ ያህል ቢለዋወጥ የስምንቱ ጉዞዎች ውጤት ሦስት ወይም አራት በመቶ ወዲህና ወዲያ ይላል። የሚቀርብልን አቤቱታ ግን 20 እና 30 በመቶ ነው፤ ይህን ያህል ቁጠባ ካለ በዚህ ፈተና ተሰውሮ ሊቀር አይችልም። ፈተናውን የሚያልፍ ቢገኝ እኔ ራሴ በደስታ ተሰልፌ እገዛለሁ። ተማሪዎቼ ሆይ፣ «የውኃ ማሰሮ ሠራሁ» ከሚል የመመረቂያ ጽሑፍ ይልቅ «የውኃ ማሰሮ ለካሁ፤ ውጤቱም ይህ ነው» የሚለው ለወሎ አሽከርካሪ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

በእርግጥ የሚቆጥበው

በአጭሩ ልናገር። የተዘጋ የአየር ፊልትሮና ያረጀ የናፍጣ ኖዝል ይለወጡ። ጎማ በልኩ ይነፋ። በመናኸሪያ ተራ ሲጠበቅ ሞተር ይጥፋ። ፍጥነትን ከ80 ወደ 100 ማሳደግ የአየሩን ግፊያ ከግማሽ በላይ ይጨምራል፤ ጣሪያ ላይ የተቆለለ ዕቃም ይህንኑ ያባብሳል።

አንዱን ግን በአጭሩ አላልፈውም፤ ቁልቁለትን በፎሌ መውረድ። ብዙዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ይህን ያደርጋሉ። በናፍጣ ሞተርና ኢንጄክተር ባለው የቤንዚን ሞተር ላይ መኪናው በማርሽ ሲወርድ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ከተነሣ፣ ነዳጁ ይቋረጣል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። በፎሌ ሲወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መውሰዱን ይቀጥላል። ስለዚህ በፎሌ የሚወርድ ሹፌር ነዳጅ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከዚያም በላይ ሞተሩ መኪናውን ስለማይዝ የመያዙ ሥራ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን አይዝም። ከዛሬው ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

ከታዳሚ የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ «ማግኔቱን ከገጠምሁ ወዲህ የመኪናዬ ጥቁር ጭስ ቀንሷል። ዐይኔን ልጠራጠር?»

መልስ፦ ዐይንዎን አይጠራጠሩ፤ ወንድሜ፣ ምክንያቱን ይጠራጠሩ። ለመሆኑ የዚያን ዕለት ፊልትሮ ተለውጦ ነበር? (ጠያቂው፦ «አዎ፣ ዘይቱም ፊልትሮውም ተለውጧል።») እንግዲያው መፈተኛው በእጅዎ ነው። ማግኔቱን ፈትተው ለሁለት ሳምንት ያስቀምጡት፤ ሌላውን እንዳለ ይተዉት። ጭሱ ከተመለሰ ወደ ቤተ ሙከራችን ይዘውት ይምጡ፤ አብረን እንለካዋለን። ካልተመለሰ ግን የፊልትሮውን ዋጋ ይመዝግቡና በየጊዜው ይለውጡ።

 መሣሪያ ያላችሁ ሁሉ ለፈተና ይዛችሁ እንድትመጡ፣ መካኒኮችም ከተማሪዎቻችን ጋር አብራችሁ እንድትሠሩ እጋብዛለሁ።